የዳይኖሰሩ አንገት

ከሮቢት የመጡት ተማሪዎች ሬሳውን የትርኢቱ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ።

ጠፍቶ የነበረው መብራት ገና መምጣቱ ነበር። ቲኬት ቆራጭም አስጎብኚም የሆነችው ኡሙሃኒ የአዳራሹን ትልቅ በር ከፈተች፣ ተማሪዎቹን አሰለፈች፣ ማብሪያውን ጫነች። ከብረትና ከሲሚንቶ የተሠራው ዳይኖሰር አንገቱን ዝቅ፣ አፉን ከፈት አድርጎ ፊት ለፊታቸው ቆሟል። ከመንጋጋው ሥር ቱታ የለበሰ ሰው በጎኑ ተኝቷል። ቀይ ነገር ከራሱ ተነሥቶ እስከ ዳይኖሰሩ ጥፍር ድረስ ወርዷል።

«በላው!» አለ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ኡሙሃኒ አልሳቀችም። ጫማውን ታውቀዋለች።

ኢንስፔክተር ፍሬዓለም ስትደርስ ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ጨርሰው ግራር ሥር ያስመልሱ ነበር። ፍሬዓለም የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት። የቆቦን ሙቀት አልለመደችውም፤ ለመልመድም አላሰበችም። ረዳቷ ሳጅን ሙንተሲር ግን እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው።

«ሟቹ ሸረፈዲን ነው» አላት። «የባዮሎጂ መምህር። ሙዚየሙም የሱ ነው።»

ሙዚየሙ መስኮት የሌለው አሮጌ የእህል መጋዘን ነበር። ሸረፈዲን ከየሸለቆው የለቀማቸውን አጥንቶች በመስታወት ሣጥን ደርድሮበታል፤ ዘሩ የጠፋ የዝሆን መንጋጋ፣ የጉማሬ ጥርስ፣ የዛሬውን ጅብ እጥፍ የሚያህል የጅብ ራስ ቅል። የፈጠራ ሥራው ዳይኖሰሩ ብቻ ነው። ባልደረቦቹ «ከራያ የወጣ የዳይኖሰር አጥንት የት አለህ?» እያሉ ሲያላግጡበት፣ «ልጆቹን በበሩ የሚያስገባቸው እሱ ነው፤ ከገቡ በኋላ የዝሆኑን መንጋጋ ያዩልኛል» ይላቸው ነበር።

ፍሬዓለም ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የኋላ ራሱ ተሰብሮ ገብቷል። አጠገቡ ፀጉር የተጣበቀበት መዶሻ ወድቋል። ከዚያ በላይ ግን ያላሰበችውን አየች። የሟቹ ዓይኖች ተከድነዋል። አገጩ በጨርቅ ቁራጭ ከአናቱ ጋር ታስሯል። እጆቹ ተዘርግተዋል፣ እግሮቹ ተስተካክለዋል።

«ማን ነካው?»

«ማንም። ልጅቷ ጮኻ ነው የወጣችው።»

«ገዳዩ ነዋ ያስተካከለው። ጭንቅላቱን ፈልጦ ሲያበቃ አገጩን አሰረለት?»

ሙንተሲር ኮፍያውን አወለቀ። «እኛ ዘንድ ሰው ሲያጣጥር በቀኝ ጎኑ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ እናዞረዋለን። ነፍሱ ስትወጣ ዓይኑን እንከድናለን፣ አገጩን እናስራለን። ይህን ያደረገው ሰው ሥርዓቱን ያውቃል። አቅጣጫውን ግን ስቷል።»

«እንዴት?»

«ቂብላ በዚህ ነው» በእጁ ወደ ሰሜን፣ ወደ አላማጣ አሳያት። «ይኸ ግን ወደ ምዕራብ፣ ወደ በሩ ነው የተኛው።»

«ሲደረግ ያየ፣ ራሱ ግን አድርጎት የማያውቅ ሰው ነው ማለት ነው። ክርስቲያን።»

«እኔ አላልኩም። እርስዎ ነዎት ያሉት።»

ፍሬዓለም ተነሥታ ዳይኖሰሩን ዞረችው። ግራጫው ሲሚንቶ ላይ፣ በሰው ደረት ቁመት፣ ከትከሻው ጀምሮ እስከ ጉሮሮው ድረስ የደም እጅ ተጎትቶበታል። አንድ ረጅም መስመር። እንስሳ የሚያሻሽ ሰው እጁን እንደሚያስኬደው ነው። የሟቹን መዳፎች ገልብጣ አየች። ደም የለባቸውም።

«ይኸስ ምንድን ነው? ገድሎ ሲያበቃ አውሬውን ዳበሰው?»

ሙንተሲር ትከሻውን ሰበቀ። የጓሮው በር አልተሰበረም፤ በቁልፍ ነው የተከፈተው። ቱታው የሟቹ አይደለም፤ በሲሚንቶ የተለወሰ የሠራተኛ ቱታ ነው፤ ደረቱ ላይ የዳይኖሰሩን ጥርስ የሚቀባበት ነጭ ቀለም ፈስሶበታል።

«የማን ቱታ ነው?»

«የእሱባለው። ቀራፂው። ይኼን አውሬ የሠራው እሱ ነው። መዶሻውም የሱ ነው።» ሙንተሲር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላም አለ። የእሱባለው አባት የሸረፈዲንን አባት ገድሏል። ወደ እርሻ በሚጠለፍ የጎርፍ ውኃ ጠብ፤ የቆየ ነው። ገዳዩ እስር ቤት ሞተ።»

«ታዲያ የገዳዩን ልጅ ለምን ቀጠረው?»

«በሽማግሌ ታርቀው ነዋ። ሸረፈዲን 'ደሙ አልቋል' ብሎ ማለ። ታናሹ እንድሪስ እርቁ ላይ አልቆመም። እናታቸው ነሲባም አልመጣችም። ገበታ በቀረበ ቁጥር 'እኔ መች ወንድ ወለድኩ' ትላቸዋለች እየተባለ ይወራል።»

እሱባለውን ከገበያው ጀርባ ያዙት። ሲያዩት አልሮጠም፤ ከኋላው የተሰበሰበው ሰው ግን ፖሊስ እስኪደርስ አልጠበቀም። ፒክአፑ ላይ ሲጫን ከንፈሩ ተተርትሯል፣ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል።

«ሸረፍ ሞተ የሚሉት እውነት ነው?» አላት።

«ምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ብየዳ ቤት። ለመንጋጋው ብረት ላስበይድ።»

«መብራት ጠፍቶ?»

የአፉን ደም ተፋ።

«ከተማው በሙሉ መብራት አልነበረውም። በምንድን ነው የምትበይደው፣ በምላስህ?»

ከንፈሩን ጠረገ። «ብየዳ ቤት ነበርኩ» አለ ደግሞ፣ ውሸት መሆኑን ራሱም እያወቀ።

ፍሬዓለም ውሸታሞችን አትጠላም፤ ሥራ ያቀሉላታል። ሙንተሲር የክፍሉን በር ሲቆልፍበት ጉዳዩ አልቋል ብላ ልታስብ ምንም አልቀራት ነበር።

ሆስፒታል ዶክተር ውቢት ጓንቷን አውልቃ ጠበቀቻት።

«ሁለት ምት ነው። የመጀመሪያው በሙሉ ጉልበት፣ ከኋላ። ሁለተኛው ነው የገረመኝ። ጆሮው አጠገብ ቆዳ ብቻ ልጧል። እንጨት ስትፈልጪ የገዛ እግርሽን ልትመቺ መሆኑን ካየሽ ክንድሽን ትይዥው የለ? እንደዚያ።»

«ደክሞት ይሆናል።»

«በአንድ ምት?»

«ወዲያው ሞተ?»

«አይመስለኝም። ጥቂት ተንፍሷል። ተናግሮም ይሆናል።»

ፍሬዓለም አገጩ የታሰረበትን ጨርቅ በላስቲክ አስገብታ ወሰደች። ነጭና ሰማያዊ መስመር ያለው፣ ከሽርጥ ጫፍ የተቀደደ ነው። ጠርዙ በእጅ፣ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

የሆስፒታሉ በር ላይ ጀናዛውን የሚጠብቁ ወንዶች ቆመዋል። ግማሾቹ ክላሽ ይዘዋል። ከፊታቸው በዚያ ሙቀት ጋቢ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የተከናነበ፣ ዓይኑ ደም የመሰለ ሰው ነበር።

«እንድሪስ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ያሰራችሁትን ሰው ስጡኝ።»

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከቆላ፣ ከግመሎቹ። ዋጃ ላይ ስልክ ደረሰኝ፣ በሚኒባስ መጣሁ። ጠይቂ፣ ሾፌሩን ጠይቂ።»

«ወንድምህን በመጨረሻ ያየኸው የት ነው?»

ጥያቄው እንደ ድንጋይ መታው። ሲመልስ ድምፁ ሰልሏል። «አዳራሹ ውስጥ። ዘበኛ ነበርኩለት። ቆላ ልወርድ ስል አብረን ሰግደን፣ ከአውሬው አፍ ሥር፣ ተሰነባበትን። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።»

«ዛሬ አዳራሹ ገብተሃል?»

«ፖሊሶችሽ መች አስገቡኝ? ስሚኝ፣ እታለም። አንቺ የሰው አገር ሰው ነሽ፣ ክፉ አልመኝልሽም። ወንድሜን ቀብሬ እመጣለሁ። የጣቢያውን በር ክፍት አድርጊው። ዘግተሽ ከጠበቅሽኝ ከነመቃኑ ነው የማነሣው።»

ከኋላው አንዱ ጥይት ወደ ሰማይ ተኮሰ። በግቢው ያሉ ሕሙማን መሬት ላይ ተደፉ። እንድሪስ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

ጣቢያ ስትመለስ ኡሙሃኒ ቆማ ትጠብቃታለች። ሻሿ ተቀዷል፣ ጉንጯ ላይ የጥፊ ምልክት አለ።

«ማን መታሽ?»

«ወንድሜ። ወደዚህ ስመጣ።» ወንበር ሳይቀርብላት ተቀመጠች። «እሱባለው ከኔ ጋር ነበር። አያ ሸረፍ 'እናንተ ምሳ ብሉ፣ ጥርሱን እኔ እቀባዋለሁ' ብሎ ቱታውን ተቀብሎ አስወጣን። እኛ ቤት ጓሮ ነበርን። ስንት ጊዜ እንደሆነን አይጠይቁኝ፤ አያ ሸረፍ ብቻ ነበር የሚያውቀው።»

«ለዚህ ነው ብየዳ ቤት ነበርኩ የሚለው?»

«ለኔ ብሎ ይሙት? ሞኝ ነው።»

ፍሬዓለም ፈገግታዋን ዋጠች። «የምትወጂው ሰው ነው፤ ለሱ ብትዋሺ ማን ይገረማል? ቁልፍ ያለው እሱና ሸረፈዲን ብቻ ናቸው።»

«ሦስተኛው እንድሪስ ጋ አለ። ዘበኛ ሳለ የተሰጠው። አልመለሰም።»

«እንድሪስ ቆላ ነበር።» ፍሬዓለም እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ደግሞ እንድሪስ ቢሆን ሬሳውን ወደ በር አያዞረውም። እዚያው ሲሰግድ የኖረ ሰው ነው። ከዳይኖሰሩ አፍ ሥር ነበር አይደል የምትሰግዱት?»

«አዎ፣ እኔም ወንድማማቾቹም። አፉ ወደ ቂብላ ስለነበር። አያ ሸረፍ 'ከናንተ ሁሉ የሚጸና እሱ ነው፣ አንድም ቀን ፊቱን አያዞርም' እያለ ይቀልድ ነበር።»

«ስለነበር?»

«አሁንማ አዞርነው። ትናንት። ተማሪዎቹ ገና ከበሩ ሲገቡ ፊቱን እንዲያዩት ብሎ። እሱባለው ጎማ ገጠመለት፣ ቀን ሠራተኞቹም እኔም ገፋን።»

ፍሬዓለም ብድግ አለች። ወንበሩ ከኋላዋ ወደቀ።

አዳራሹ ውስጥ ሙንተሲርን በሩን አስዘግታ መብራቱን አጠፋችው። ጨለማው እንደ ጆንያ ራሷ ላይ ወረደ። ግድግዳ የለም፣ በር የለም፣ ሰሜን የለም። እጇን ዘርግታ ተንገዳገደች። ጣቶቿ ሲሚንቶ ነኩ፣ ትከሻው ነው። እጇን አስኬደችው፤ አንገት፣ ጉሮሮ፣ መንጋጋ። አሁን ወዴት እንደዞረች የምታውቅ መሰላት።

«አብራ» አለች።

መዳፏ ከደሙ መስመር በላይ፣ ልክ እንደሱ ተዘርግቶ ነበር። ፊቷ ወደ በሩ ነው።

ሙንተሲር እጇን አየ፣ ደሙን አየ። «ቂብላን እየፈለገ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ያ ረቢ።»

«መዞሩን የሚያውቅ ሰው አይሳሳትም። እሱባለው ራሱ ነው ጎማውን የገጠመው። አዳራሹን የማያውቅ ሰው ደግሞ አንገቱን አይዳብስም። አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ።»

«የገዛ ወንድሙን?»

«ወንድሙ መሆኑን መች ዐወቀ? የሚፈልገው ቀራፂውን ነው። ጨለማ ውስጥ፣ በስልክ መብራት፣ የዳይኖሰሩን ጥርስ የሚቀባ ባለ ቱታ ከጀርባው አየ። መዶሻው እዚያው ነበር። መታው፤ ስልኩ ወድቆ ጠፋ። ሁለተኛውን ሲሰነዝር ሰውየው አፍ አወጣ። ክንዱን የያዘው ለዚያ ነው። ከዚያ ዋጃ ደርሶ፣ ስልክ ሲደወልለት በሚኒባስ ተመለሰ።»

ከመስጊዱ በኩል ከቀብር የሚመለሰው ሰው ጩኸት ተሰማ።

«እርስዎ ወዴት ነዎት?» አለ ሙንተሲር።

«ወደ እናቱ። አንተ ወደ ጣቢያ ሂድ። በሩን ያዝ።»

ነሲባ ጓሮ ቁርበት ላይ፣ በሴቶች ተከባ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ፍሬዓለም ጎንበስ ብላ ላስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት።

«እማማ ነሲባ፣ አላህ ያጽናዎት። ይህን ጠርዝ የሰፋው ማን ነው?»

አሮጊቷ ቀዩን ክር በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። «እኔ ነኝ። የእንድሪስ ሽርጥ ነው። ምነው፣ ልጄን ምን አገኘብኝ?»

«የሸረፈዲን አገጭ የታሰረው በዚህ ነው።»

ከሴቶቹ አንዷ ልትጮኽ አፏን ስትከፍት ነሲባ በእጇ አፈነቻት።

«ቱታው የእሱባለው ነበር» አለች ፍሬዓለም። «ጨለማ ነበር። ለሱ ያሰበው ምት ነው። አሁን ደግሞ ጣቢያ ሄዶ በወንድሙ ደም ያንኑ ሰው ሊገድል ነው። እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም።»

«ወደ ቂብላ አዞረው?»

«ሊያዞረው ፈልጎ ነበር። ተሳሳተ።»

ነሲባ ጨርቁን ከላስቲኩ አውጥታ ክንዷ ላይ ጠመጠመችው። ተነሣች። ማንም እንዲደግፋት አልፈቀደችም።

ከፍሬዓለም ጋር በባጃጅ ሲደርሱ የጣቢያው አጥር ወድቋል። መስታወቶቹ ረግፈዋል። ሙንተሲር ግንባሩ በድንጋይ ተፈንክቶ፣ ደሙ ዓይኑን እየጋረደው፣ በሩ ላይ ጠመንጃውን አግድም ይዞ ቆሟል። አራት ወንዶች የመብራት ምሰሶ ቁራጭ ተሸክመው በሩን ሊመቱ ይንደረደራሉ። እንድሪስ መሃላቸው ነው፤ ክላሹን አቀባብሏል።

«ዘወር በል፣ ሙንተሲር! አንተ የኛው ሰው ነህ!»

«የናንተው ስለሆንኩ ነው የማልተኩሰው። ሂድ ወደ ቤትህ!»

ነሲባ በመሃላቸው አለፈች። ወንዶቹ ሲያዩዋት ምሰሶውን አወረዱ። እንዲህ ያለች ቀን የወንዶቹን ልብ ልታጀግን የመጣች መስሏቸው ነው። እሷ ግን ልጇ ፊት ቆማ ጋቢውን በሁለት እጇ ገለጠችው።

የሽርጡ ጫፍ ተቀዷል። ክንዷ ላይ የጠመጠመችውን ፈትታ አስጠጋችው። ቀዩ ክር ከቀዩ ክር ገጠመ።

«ሸረፈዲን አገጩ የታሰረው በዚህ ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ። ከዚያ ለሱ ብቻ፣ ቀስ ብላ፦ «ለካስ ወንድ ወልጄ ኖሯል።»

የእንድሪስ ፊት ፈረሰ። «ቱታው የሱ ነበር፣ እማየ። ጀርባውን ነው ያየሁት። ስሜን ሲጠራኝ… እጄን ያዝኩት፣ እጄን ይዤው ነበር…»

«ሰምተናል» አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። «ደሙ ከቤት ነው። መሣሪያችሁን አውርዱ።»

ወንዶቹ አወረዱ። እንድሪስ ግን አላወረደም። ፍሬዓለም ዓይኑን አየችና ምን እንደሚያስብ ገባት። ወንድሙ የሞተበት ምት ባለቤት አለው፤ ያ ባለቤት ከዚያ በር ጀርባ ነው። እሱን ካልገደለ ሸረፈዲን በከንቱ ነው የሞተው።

«እንድሪስ! ጣለው!»

እየተኮሰ ሮጠ። የመጀመሪያው ጥይት የሙንተሲርን ትከሻ በስቶ ግድግዳው ላይ ቀረ። ሌሎቹ በሩን ቀዳደዱት። ከውስጥ እሱባለው ሲጮኽ ተሰማ። እንድሪስ የተበሳሳውን በር በእግሩ መትቶ ከፈተው፤ አፈሙዙን ወደ ውስጥ አስገባ።

ፍሬዓለም ሁለት ጊዜ ተኮሰች። ክንዷን አልያዘችም።

ደጁ ላይ ወደቀ። ደረቱ ሁለቴ ሦስቴ ተነፋ። ፍሬዓለም ክላሹን በእግሯ ገፍታ በላዩ ተራምዳ ገባች። እሱባለው ከክፍሉ ጥግ፣ ራሱን በክንዶቹ ሸፍኖ ተቀምጧል። ጥይት አልነካውም።

«ማን ሞተ?» አላት።

አልመለሰችለትም። ተመልሳ ስትወጣ ነሲባ ልጇ አጠገብ ተንበርክካለች። እንድሪስ ገና ይተነፍሳል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እናቱ ትከሻውን ይዛ በቀኝ ጎኑ ገለበጠችው። ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች፣ አስፋልቱን አየች። ከዚያ ፊቱን በደም በራሰ መዳፏ ይዛ ወደ አላማጣ መለሰችው። እስኪያበቃ ጠበቀች። ዓይኑን ከደነች። ያንኑ ጨርቅ አገጩ ሥር አሳልፋ አናቱ ላይ ቋጠረችው።

ሙንተሲር ትከሻውን ጨብጦ ግድግዳውን ተደግፏል።

«ልክ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።